ዝንብ የሸሸው ካልሲዬ

ይህ ነገር የደረሰብኝ በደርግ ዘመን፣ ወጣቱ ለብሔራዊ ውትድርና በየቀበሌው ይታፈስ በነበረበት ሰሞን፣ ድሬዳዋ ከተማ ውስጥ ነው። ዛሬ ፀጉሬ ነጥቷል፤ ከድሬም ከወጣሁ ቆይቻለሁ። ሆኖም ዝንብ እግሬ ላይ ባረፈች ቁጥር እጄን ከማንሳቴ በፊት ሳቄ ይመጣል። ባለቤቴ ታሪኩን ሰምታ ሰምታ ሰልችቷት "ለእኔ መንገሩን ተውና ጻፈው" ስላለችኝ ይኸው ጻፍኩት።

ስሜ ሰለሞን ነው። አባቴ ዕድሜውን ባቡር ላይ ሠርቶ ጡረታ በወጣ በዓመቱ ሞተ። እናቴ ናዝሬት ወዳለችው እህቴ ዘንድ ስትሄድ እኔ ድሬን መልቀቅ አቃተኝና መጋላ ሰፈር ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። አከራዬ አዴ ሃሊማ ትባላለች፤ አዴ እዚያ ትልቅ ሴት በአክብሮት የምትጠራበት ነው። ሰለሞን ብላ ጠርታኝ አታውቅም፤ ገና በገባሁበት ቀን "ሱሌይማን" አለችኝ፣ በዚያው ጸደቀ። በዕድሜ እናቴን ትበልጣለች፣ ግን አንቺ ነው የምላት። ድሬ ላይ አንቱታ የሚወደው ሰው ጥቂት ነው።

አዴ ሃሊማ ቤቷ ውስጥ ኡንሲ እየቀመመች ቀፊራ ገበያ ትሸጣለች። ለማያውቀው፣ ኡንሲ ከዕጣን፣ ከስኳርና ከሽቶ ተቀምሞ የሚሠራ የልብስ ማጠኛ ነው። ፍም ላይ ጣል ይደረግና ልብሱ ከላይ ይዘረጋበታል። ሙሽራውም፣ ሐዘን ደራሹም፣ ጁምዓ የሚሄደውም በእሱ ታጥኖ ነው የሚወጣው። ግቢው ከጠዋት እስከ ማታ ኡንሲ ኡንሲ ስለሚሸት እኔ በዓመቴ ሽታው መኖሩንም ረስቼው ነበር። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ ያስፈልጋል።

ሥራዬ ዝንብ መያዝ ነበር። ቀልድ አይደለም። አንድ የእንስሳት ጤና መሥሪያ ቤት ስምንት ጊዜያዊ ሠራተኞች ቀጥሮን፣ ደቻቱ ከሚባለው ደረቅ ወንዝ አሸዋ ዳር ባለው የግመል በረት ተናካሽ ዝንብ እያጠመድን እንቆጥር ነበር። ዝንቧ የቤት ዝንብ ትመስላለች፣ አፏ ግን መርፌ ነው። ግመሉን ቀኑን ሙሉ እግሩን ስታስረግጠው ትውላለች፣ ግመሉ ሲሰለቻት ወደ ሰው ትመጣለች።

ጥናቱን የሚመራው ከአዲስ አበባ የመጣ ዶክተር ግርማ የሚባል ባለሙያ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ አንዱን ሲጋራ በሌላው የሚለኩስ ሰው ነው። ሥራውን እንዲህ ብሎ አስረዳን፦

"ዝንብ በዓይኗ ብቻ አይደለም የምትፈልገን። ከሩቅ ትንፋሻችንን ታሸታለች። ቀረብ ስትል ላባችንን፣ በተለይ የእግራችንን። የአንዱ ሰው ሽታ ይጠራታል፣ የሌላው ያርቃታል። ለምን? እኔ የምፈልገው እሱን ነው።"

ሙሳ የሚባል የሥራ ጓደኛዬ "ዶክተር፣ አንተ ራስህ አሽትተህ አትለየውም?" ብሎ ጠየቀው። ሙሳ የድሬ ልጅ ነው፣ ለዶክተርም ለሚኒስትርም አንተ ነው የሚለው።

"የእኔ አፍንጫ በሲጋራ ከሞተ ቆየ" አለ ዶክተር ግርማ፣ ምንም ሳይሰማው። ሽታ የሚያጠና ሰው ማሽተት አይችልም ማለት ነው። እኛ ተያየን።

ጥናቱ ሲያልቅ ሥራችንም ያልቃል። የእኔ ጭንቀት ይህ ነበር። ሥራ የሌለው ወጣት ያን ጊዜ የአፈሳ ሲሳይ ነው። ሰፈራችን ውስጥ ዳቦ ሊገዛ የወጣ ጎረምሳ በወሩ ከማሠልጠኛ ጣቢያ ደብዳቤ ጽፏል። የቋሚ ሠራተኛ መታወቂያ ያለው ግን ብዙ ጊዜ ይታለፋል። ስለዚህ ማታ ስተኛም ጠዋት ስነሳም የማስበው አንድ ነገር ነበር፤ ፎቶዬ የተለጠፈባት፣ ማህተም ያረፈባት ትንሽ ካርድ።

አንድ ቀን ዶክተር ግርማ ለስምንታችንም አዲስ ነጭ የናይሎን ካልሲና ሸራ ጫማ አደለን። ሦስት ቀን ሙሉ ሳናወልቅ፣ እግራችንን ሳንታጠብ እንድንውል አዘዘ። "ካልሲውን ያጠበ ወይም ሽቶ ያስነካ ከሥራ ይሰናበታል" አለ። በአራተኛው ቀን ካልሲውን ክዳን ባለው ጣሳ ውስጥ ከተን እንድናመጣ፣ ሽታው እንዳይበንም ጣሳውን በመንገድ ላይ እንዳንከፍት አስጠነቀቀን። የእኔ ቁጥር ሰባት ነበር።

ድሬ ላይ ሰው በሽርጥና በሸበጥ ነው የሚኖረው። በዚያ ሙቀት የናይሎን ካልሲ በሸራ ጫማ ማድረግ ምን ማለት እንደሆነ የድሬ ሰው ብቻ ነው የሚገባው። በሁለተኛው ቀን እግሬ ከእኔ ተለይቶ የራሱን ኑሮ የሚኖር መሰለኝ። አዴ ሃሊማ ቤት ጫማ አውልቆ ነው የሚገባው፤ እኔ ግን በካልሲዬ በር ላይ ስቆም ትጮህብኛለች።

"አቦ ሱሌይማን፣ እዚያው ሁን። ምንድን ነው የሞተው?"

"የመንግሥት ሥራ ነው፣ አዴ።"

"መንግሥት እግርህ እንዲሸት አዘዘ?"

"አዎ።"

"ያ ረቢ" አለችና ምግቤን በረንዳ ላይ አስቀመጠችልኝ። ካልሲው ስሜና ቁጥሬ ተለጥፎበት ለዝንቦቹ በረት ላይ እንደሚሰቀል፣ አለቆችም መጥተው እንደሚያዩት ስነግራት ፊቷ ተለወጠ። ያን ጊዜ ልብ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ካልሲዬን አውልቄ ጣሳው ውስጥ ከተትኩ፣ ክዳኑን ገጠምኩ፣ ጣሳውን ክፍሌ ውስጥ አስቀምጬ ገላዬን ልታጠብ ወጣሁ፤ እስኪመሽም አልተመለስኩ። በነጋታው ጠዋት እንደታዘዝኩት ሳልከፍት ይዤ ሄድኩ።

በረቱ አጠገብ ስምንት ሰማያዊና ጥቁር የጨርቅ ወጥመድ ተተክሏል። ዶክተር ግርማ ጓንት አድርጎ ጣሳ በጣሳ እየከፈተ ካልሲውን በመቆንጠጫ ያወጣና ወጥመዱ ውስጥ ያንጠለጥላል። የሙሳ ሲከፈት አጠገባችን የነበረ ግመል አንገቱን አዞረ። ዶክተሩ ግን ሲጋራውን እንዳጨሰ ነው።

ከዚያ የእኔ ተከፈተ። የሙሽራ ቤት ሽታ በረቱን ሞላው።

ካልሲው እንደ ወተት ነጥቶ ነበር። አዴ ሃሊማ አጥባ፣ በድሬ ፀሐይ አድርቃ፣ ቤት ውስጥ ያለውን ኡንሲ ሁሉ አጥናበት፣ አጣጥፋ ወደ ጣሳው መልሳዋለች። በላብ ያደፈውን የሌሎቹን ሰባት ሰዎች ካልሲ ላየ ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ግን ዶክተር ግርማ ቁጥሩን እያነበበ በመዝገቡ ላይ ስለሚጽፍ መልኩን ልብ አላለውም።

ሙሳ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ። "አቦ፣ ካልሲህን ዳርከው እንዴ?"

ዝም በል ብዬ ረገጥኩት። ያኔውኑ መናገር ነበረብኝ፣ አውቃለሁ። ግን "ይሰናበታል" የሚለው ቃል ጆሮዬ ላይ ቆሞ ነበር። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፣ እኔም ዝም አልኩ።

ማታ ዝንቦቹ ተቆጠሩ። የሙሳ ወጥመድ ጢም ብሏል። የሌሎቹም ደህና ይዟል። የእኔ ውስጥ ሁለት ዝንብ ብቻ ተገኘ፣ እነሱም መንገድ የጠፋባቸው ይመስሉ ነበር። ዶክተር ግርማ አላመነም። በነጋታው የወጥመዶቹን ቦታ አቀያይሮ ደገመው። ያው ሆነ። በሦስተኛውም ቀን ያው።

ከዚያ በኋላ ዶክተሩ እኔን የሚያየኝ ሰው ከመሬት ያገኘውን ወርቅ በሚያይበት ዓይን ሆነ። ምን እንደምበላ፣ ጫት እቅም እንደሆነ፣ አባቴን ዝንብ ይነክሰው እንደነበረ እየጠየቀ ጻፈ። እኔም አንዴ ገብቼበታለሁና "አባቴንም ብዙ አይነካውም ነበር" አልኩ። አባቴ ነፍሱን ይማረው፣ ዝንብ ሲያባርር የኖረ ሰው ነበር።

ወሬው ወደ መሥሪያ ቤታችን ኃላፊ ደረሰ። ጓድ ኃላፊያችን ስብሰባ የሚወድ፣ ግመል ግን የሚፈራ ሰው ነበር። አስጠርቶኝ ጨበጠኝና "ከአዲስ አበባ አንድ ከፍተኛ ጓድ ሊጎበኙን ይመጣሉ። ዝንብ የማይነካው ሰው በእኛ መሥሪያ ቤት መገኘቱን በዓይናቸው ማየት አለባቸው። አንተ ካላሳፈርከን የቋሚነት ደብዳቤህን እኔ ራሴ እፈርማለሁ" አለኝ።

በዚያች ሰዓት ካርዷ ታየችኝ። ፎቶዬ፣ ማህተሙ፣ ሁሉም።

ቤት ስመለስ፣ እስከዚያ ምንም ያልነገርኳት አዴ ሃሊማ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። "እህ፣ ወደዱት?" አለችኝ፣ በኩራት።

የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ያስለቅሳታል ብዬ ነበር፤ እሷ እቴ።

"እና ምን አጠፋሁ? ከእኔ ቤት የወጣ ልብስ፣ ስም ተጽፎበት፣ በሰው ፊት እየሸተተ ይሰቀል? ሰው ምን ይላል? ሃሊማ ኡንሲ ትሸጣለች፣ ቤቷ ያለው ልጅ ግን ይገማል አይልም?"

እኔም ልመና ጀመርኩ። እንግዳው የሚመጣ ቀን ካልሲውን ሳይሆን እግሬን ራሱን አጥኚልኝ አልኳት። ያን ጊዜ ሳቋ ጎረቤት ድረስ ተሰማ፤ "ሃዬ፣ ሙሽራ አደርግሃለሁ" አለች።

በጉብኝቱ ዋዜማ ከምሳ በኋላ ዱካ ላይ ተቀመጥኩ። ሽርጤን ማጨሻው ላይ ዘርግታ እግሬን ከሥሩ አስገባችው። ቆዳዬ ኡንሲውን እስኪጠጣ አጠነችኝ። ጠዋትም ደገመችልኝ። ከቤት ስወጣ እግሬ ከእኔ ቀድሞ ይሸት ነበር። የግቢው ድመት እንኳ አስነጥሷት ከመንገዴ ዞር አለች።

መሥሪያ ቤት ስደርስ ዶክተር ግርማ ባልዲ ውሃ አዘጋጅቶ ጠበቀኝ።

"ዛሬ የምፈልገው የተፈጥሮ ሽታህን ብቻ ነው" አለኝ። "እስከ ጉልበትህ ታጠብ። ሳሙና ሽታ አለው፣ በአሸዋ ይታሽ።"

ሙሳ የደቻቱን አሸዋ እፍኝ እፍኝ እየዘገነ እግሬን ይፈትግ ጀመር። "አቦ የአዴን ኡንሲ ለአሸዋ" እያለ በሳቅ ይንፈቀፈቃል። የሁለት ቀን ኡንሲ በአንድ ባልዲ ወረደ። ዶክተሩ ይህም አልበቃው ብሎ ላብ እንዲወጣኝ በረቱን ሦስት ጊዜ በሩጫ ዙር አለኝ። ዞርኩ። ወደ መታረጃው ሮጦ የሄደ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ።

እንግዳው ደረሱ። ወታደራዊ ካኪ የለበሱ፣ ወፈር ያሉ፣ በአንድ እግራቸው ትንሽ የሚያነክሱ ሰው ናቸው። ጥላ ሥር ወንበር ተሰጣቸው። እኔና ሙሳ ቁምጣ ለብሰን፣ እግራችንን ገልጠን፣ ከግመሎቹ አጠገብ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሙሳ "ዝንብ የሚወደው ሰው"፣ እኔ "ዝንብ የማይነካው ሰው" ነን። ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ አዴ ሃሊማ አራት የቀፊራ ሴቶች አስከትላ ቆማለች። ልጄን ዝንብ ይፈራዋል ብላ ለገበያው ሁሉ አውርታለች ማለት ነው።

ጓድ ኃላፊያችን ጉሮሮውን ጠርጎ ማብራሪያ ጀመረ። "እንደሚመለከቱት ጓድ፣ ይህ ወጣት ..."

የመጀመሪያዋ ቁርጭምጭሚቴ ላይ አረፈች። ከዚያ ሁለተኛዋ። ከዚያ መቁጠር ተውኩ። በአሸዋ የታሸ፣ በሩጫ የላበ እግር አግኝተው ዘመድ አዝማድ ጠርተው መጡ። የሙሳን እግር ጥለው ወደ እኔ ሲሻገሩ በዓይኔ አየሁ። ሙሳ ንጹሕ እግሩን እያየ "አቦ፣ እኔንም ተዉኝ እኮ" ብሎ ቅር አለው።

ማባረር አልችልም፤ ካባረርኩ ነከሱኝ ማለት ነው። ፈገግ አልኩ። እንባዬ እየወረደ ፈገግ ማለት እንደሚቻል ያን ቀን አወቅኩ። ስለ አፍ የተነገረው ተረት ስለ እግር ምንም አይልም።

ኃላፊያችን ጀርባውን ለእኔ ሰጥቶ ማብራሪያውን ቀጥሏል። "አንዲትም ዝንብ ጓድ፣ አንዲትም ..."

እንግዳው መነጽራቸውን አደረጉ። ጎንበስ ብለው እግሬን ተመለከቱ። "ዝንብ የማይነካው ሰው ይህ ነው?" አሉ።

ኃላፊያችን ዞረ። እግሬ ከጉልበቴ በታች በዝንብ ጠቁሯል። ዶክተር ግርማ ሲጋራው ከአፉ ወድቆ በጣቱ እየጠቆመ ይቆጥራል። አንድ ግመል አገሳ።

የኃላፊያችን ፊት ደም መሰለ። ከዚያ ያን ዘመን የማይቀለድበትን ቃል አወጣው። "ይሄ አሻጥር ነው" አለ። "የጥናቱን ውጤት ሆን ብሎ ያበላሸ አለ። ማን ነው አብሮህ ያለው? ተናገር።"

አሻጥረኛ የተባለ ሰው የት እንደሚወሰድ ሁላችንም እናውቅ ነበር። የዝንቦቹ ንክሻ ራሱ ጠፋኝ። ዓይኔ ወደ አጥሩ ሄደ፣ ቶሎ መለስኩት። "ማንም የለም" አልኩ። "ካልሲውን ያጠብኩት እኔ ነኝ። እኔ ብቻ።"

"ውሸቱን ነው" የሚል ድምፅ ከአጥሩ ወዲያ መጣ።

አዴ ሃሊማ ሻሿን እያስተካከለች፣ ግመሎቹን በክንዷ ገፋ ገፋ እያደረገች መጣችና እንግዳው ፊት ቆመች። ገበያ ላይ ከደንበኛዋ ጋር እንደምትከራከር ነበር የምትናገረው።

"ካልሲውን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ያጠንኩትም እኔ ነኝ። ይሄ ልጅ አያውቅም፣ ወላሂ። አንተ እስኪ ፍረድ፤ ልጅህ ስሙ ተጽፎበት የሚሸት ካልሲ ለመንግሥት ልስጥ ቢል እናቱ ዝም ትላለች? የአንተ እናት ዝም ትላለች?"

ከአዲስ አበባ የመጡትን ጓድ አንተ አለቻቸው። ኃላፊያችን ዓይኑን ጨፈነ።

እንግዳው አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የተቆጡ መስሎኝ ነበር፣ እየሳቁ ነው። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ።

"የእኔም እናት ዝም አትልም" አሉ። ቀጥለውም "በረሃ ዘምቼ ሳለሁ ከጠላት ይልቅ ዝንብ ነው የበላኝ። ያኔ ምነው ከአንቺ ጋር ባገናኘኝ። ይህ የምታጥኚው ነገር ስሙ ማን ነው?" ብለው ጠየቋት። አዴ ሃሊማም ዋጋውን ጭምር ነገረቻቸው።

ዶክተር ግርማ ግን አዴ ሃሊማንም እንግዳውንም አልሰማም። ቆጥሮ ጨርሶ ወደ እኔ መጣና በሁለት እጁ ትከሻዬን ያዘ።

"እንዲህ ዝንብ የሚጠራ እግር አይቼ አላውቅም" አለኝ። "ከሙሳ ሦስት እጥፍ ነው። ጓድ ኃላፊ፣ ይህን ልጅ እንዳትለቁብኝ። ወጥመድ ሁሉ አያስፈልገኝም፣ እሱን ማስቀመጥ ይበቃኛል።"

እንግዳው "እንግዲያው ቅጠሩት" አሉ፣ ገና እየሳቁ። ኃላፊያችን ከእሳቸው ጋር መሳቅ እንዳለበት ሲገባው ሳቀ። ስለ አሻጥር ከዚያ በኋላ ያነሳ የለም።

በሳምንቱ ደብዳቤው ተፈረመ፣ መታወቂያውም ወጣ። የሥራ መደብ በሚለው ቦታ "ዝንብ ያዥ" ተጽፎበታል። ወር ሳይሞላ ቀፊራ አካባቢ አፈሳ ላይ ወደቅሁ። ጠመንጃ የያዘው የቀበሌ ጠባቂ ካርዴን ተቀብሎ አነበበ፣ ደግሞ አነበበ፣ ጓደኛውን ጠርቶ አስነበበ። ሁለቱም እየሳቁ "ሂድ፣ ዝንብህን ያዝ" ብለው ለቀቁኝ። ከእኔ ጋር ተሰልፈው የነበሩት በመኪና ተወሰዱ። በሳቅ ያመለጥኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ይህን ሳስታውስ አልስቅም።

ደብዳቤውን ለአዴ ሃሊማ ያነበብኩላት ቀን እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ "አየህ?" አለችኝ። "ብትሸት ኖሮ ይቀጥሩህ ነበር?"

የቀጠሩኝ ስለምሸት መሆኑን ልነግራት አልቻልኩም። እስክትሞት ድረስ ለጎረቤቱም ለገበያውም "ሱሌይማንን ሥራ ያስያዘው የኔ ኡንሲ ነው" ስትል ኖረች፣ እኔም አንድ ቀን አላረምኳትም።

ዛሬ ቤታችን እንግዳ ሲመጣና ዝንብ ሲበዛ ባለቤቴ እኔን በሩ አጠገብ ታስቀምጠኛለች፤ ዝንቦቹ ሁሉ ወደ እኔ ይመጡና እንግዶቹ በሰላም ይበላሉ። እግሬን እያከክሁ አዴ ሃሊማን አስባታለሁ፤ ያ "አሻጥር" የሚለው ቃል ከተነገረ በኋላ ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ሲል እሷ ግመል እየገፋች ወደ ፊት መጣች። ደግሞም ካልሲዬን ባታጥበው ኖሮ ቁጥር ሰባት ከስምንቱ አንዱ ሆኜ ጥናቱ ሲያልቅ እሰናበት ነበር፣ በዚያ አፈሳም መኪናው ላይ እወጣ ነበር። ስለዚህ እውነቷን ነው። ሥራ ያስያዘኝ የእሷ ኡንሲ ነው።